የሁንዴ የነፋስ መዝገብ

ሁንዴ የሞተው በ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ በአንድ ነፋሻ ሰኞ ነው። ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ አይሮፕላን በሚያርፍበት ሜዳ፣ የነፋስ ማያው ጨርቅ ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቶ ተደፍቶ ተገኘ። ነፋሱን እየለካ የሚጽፍበት መዝገብ አጠገቡ ተከፍቶ ነበር።

መርማሪው ባላምባራስ መርዳሳ በማግስቱ ሲደርሱ ሰዉ ፈርዶ ጨርሷል። የሜዳው ዘበኛ የወዬሳ ኩታ ከሟቹ ወንድም ከባጫ ኩታ ጋር ተቋጥሮ፣ በከሳሽና በተከሳሽ ወግ አብረው ቆመዋል። ወዬሳ ካልነጻ ይሰቀላል።

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። እስከ አራት ሰዓት ገበያ ነበርኩ፤ ጨው ስገዛ ያየኝ ብዙ ነው። አራት ተኩል ላይ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

«ውሸታም!» አለ ባጫ ቋጠሮውን እየጎተተ። «ወንድሜ አራት ሰዓት ላይ በስልክ ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ቀጂዎቹ ወደ ሜዳው ሲገባ ያዩት አንተን ብቻ ነው!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ቀደድከው። ለመሰቀያዬም ያለኝ ይኸው አንድ ኩታ ነው።»

ባላምባራስ መዝገቡን ይዘው ወደ ጣቢያው ሄዱ። ሁንዴ ከሜዳው በስልክ የሚነግረውን ተቀብሎ ለአዲስ አበባ የሚያስተላልፈው ራህመቶ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ትናንት አራት ሰዓት ላይ የደወለው ሁንዴ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። ‹ነፋሱ ከስድሳ ዲግሪ ነው› አለኝ፤ አስተላለፍኩ። እንደ ልማዱም ቀለደብኝ።»

«ምን ብሎ?»

ራህመቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። «ረሳሁት፣ ባላምባራስ።»

«መዝገቡንስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! እሱ ዓይን፣ እኔ ጆሮ ነበርን።»

ባላምባራስ ራህመቶ የሰማውን የሚጽፍበትን ደብተር ተቀብለው ወደ ለቅሶው ቤት አመሩ። የሟቹ ሚስት ዘርፉ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ጠላት ነበረው እንዴ፣ ልጄ?»

«ጠላት እንኳ የለውም። ግን ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አይሮፕላን ተገልብጦ የአብራሪው እግር ተሰበረ። ‹የተሳሳተ ነፋስ ነገርከን› ብለው አለቆቹ ለዛሬ ጠርተውት ነበር። ‹መዝገቤን አሳያቸዋለሁ› ይል ነበር።»

ባላምባራስ ሁለቱን ደብተሮች ጭናቸው ላይ ዘርግተው አስተያዩ። «እዚህ መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር በስልክ ከተነገረው ጋር አይገጥምም። ባልሽ ይሳሳት ነበር?»

«እሱ? አይሳሳትም!» ቀና አለች። «በዚያ ሜዳ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ የኮምፓሱን መርፌ ይስባል። መርፌዋ ሰሜን የምትለው ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ አሥራ ሁለት ዲግሪ ያፈነገጠ ነው። አብራሪው የሚያየው መርፌ ስለሆነ በስልክ የመርፌዋን ይናገራል፤ መዝገቡ ላይ ግን አሥራ ሁለት ጨምሮ እውነተኛውን ይጽፋል። በቀትር ጥላ እየለካን እውነተኛውን ሰሜን ያገኘነው እኔና እሱ ነን።»

«ይህን ከናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ማን ጠይቆ?»

ከቀትር በኋላ ባላምባራስ ሁሉንም ከምሰሶው ሥር ሰበሰቡ። ነፋሱ የመዝገቡን ገጽ ይገልጥባቸዋል፤ በአውራ ጣታቸው ያዙት።

«ቅዳሜ በስልክ አርባ፣ በመዝገቡ አምሳ ሁለት። እሑድ በስልክ አምሳ አምስት፣ በመዝገቡ ስድሳ ሰባት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ትናንት ብቻ በስልክ ስድሳ፣ በመዝገቡም ስድሳ። ሁንዴ ቢሆን ሰባ ሁለት ይጽፍ ነበር። የአራት ሰዓቱን መስመር የጻፈው ሁንዴ አይደለም።»

«ታዲያ ወዬሳ ነዋ!» አለ ባጫ።

«ወዬሳ፣ ስድሳን ጻፍ እስቲ።»

«በምን እጄ ጌታዬ? ስሜን እንኳ በጣት አሻራ ነው የምፈርመው።»

«ዘርፉ ብትሆን አሥራ ሁለቱን አትረሳም። አንተ ባጫ ትናንት ደራ ከተማ ነበርክ። ይህን የጻፈው ቁጥር የሚያውቅ፣ ነፋሱን ግን በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። መርፌዋን አይቶ እንዳለች ጻፋት፤ ትክክል መሰለው። ያንኑ ስድሳ ለአዲስ አበባ ነገረ፤ ሁንዴ እስከ አራት ሰዓት ሕያው እንዲመስል። ሁንዴ ደወለ ያለን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ራህመቶ ዞሩ።

«የባለፈው ማክሰኞም ገጽ ተቀዷል» አሉ ባላምባራስ። «ምን ነበረበት?»

ራህመቶ ወደ መዝገቡ አየ። «ያን ቀን ስልኩን ሳልጠብቅ የሰኞውን ቁጥር አስተላለፍኩ። ነፋሱ ዞሮ ነበር። ትናንት በሦስት ሰዓት መጥቼ ገጹን ደብቅልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹የሰው እግር ተሰብሯል፤ አልዋሽም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ… ልገድለው አልመጣሁም፣ ወላሂ!»

«ጽፈህ ግን ሄድክ» አሉ ባላምባራስ።

ወታደሮቹ ወሰዱት። ባጫ ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለ፤ ጠብቆ ነበርና ዘርፉ ፈታችለት። ባጫ ወዬሳ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ወዬሳ በሁለት እጁ አነሣው።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ግን ልቀቀኝ፣ ባጫ። አንተ ትናንትም ዛሬም ስታለቅስ ውለሃል። እኔ ‹ገዳይ ሲያለቅስ እዩት› እንዳትሉኝ እንባዬን ውጬው ነበር።»

ከዚያም ወዬሳ ጓደኛው ሁንዴ የወደቀበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እዬዬ ማለት ጀመረ።