ቅርጫት ውስጥ የቆየው ጫማ

አሰልጣኙ ከቤቱ የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ቱታ ለብሷል፤ እግሩ ላይ ዓይን የሚወጋ ቢጫ፣ አዲስ የሩጫ ጫማ አለ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ደረጃው ያሟልጫል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ለሩጫ ሲወጣ አንሸራቶት ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነበር፤ መርማሪዋ ባትመጣ ኖሮ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሜቴ ቅናሽ» ይሏታል። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ላይ ተደፍታ ከአንዱ የኢንተርኔት ሱቅ ወደ ሌላው ስትዞር፣ ያለፈው ዓመት ሞዴል እስኪረክስ ስትጠብቅ ነው የሚያገኟት። መሮጥ ትወዳለች፤ ደሞዟ ደግሞ ጫማውን በሙሉ ዋጋ አይችለውም። ይሳቁባት እንጂ፣ የጫማ ነገር እሷን አያልፋትም።

አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የቀኙ ጫማ ጥቂት ለቀቅ ብሎታል። የግራው ግን ተረከዙ በግድ ነው የገባው። ጣቷን ከፊት በኩል ሰደደች፤ የተጨማደደ ወረቀት ነካት። ሐኪሙ ሲመጣ ጫማውን አስወልቃ ወረቀቱን ገልጣ አየችና በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎን ተቀምጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገና ሳትጠየቅ ተናገረች።

«የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በጫማው። ርካሽ ነው፤ ይሄኔ ሶሉ የማይረባ ነው። ለልደቱ ብዬ በድብቅ ከኢንተርኔት ሱቅ አዘዝኩት። ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ ሳልከፍል ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው በግማሽ ቀንሰው መልእክት ላኩልኝ።»

መርማሪዋ ይቺን ዘዴ ጠንቅቃ ታውቃታለች። ሻጩን በዝምታ ማስለመን ነው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ለሱ እንኳ ሙሉ ዋጋ የከፈልኩ አስመስዬ ነው የሰጠሁት። ርካሽ ገዛሽልኝ እንዳይለኝ ፈርቼ።»

«ሞከረው?»

«ትናንት ማታ፣ የቀኙን ብቻ። ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥቶ ኪሱ ከተተና አደረገው። እዚህ ሳሎን ሲንጎራደድ "በልኬ የተሠራ ነው" አለኝ። የግራውንስ ብለው "ነገ" አለ።»

«ጠዋትስ?»

«ጓዳ ሆኜ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናው ሲጮህ ምን ይሰማኛል፣ እህቴ?»

የሚስቲቱ ታናሽ ወንድም የታክሲ ሹፌር ነው፤ ግቢው ውስጥ ካለችው አንዲት ክፍል ይኖራል። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ክፍሌን ልቀቅ ብሎኛል። ተኮራርፈናል፤ አልዋሽም።»

«ጫማውን አይተኸው ነበር?»

«የምን ጫማ? እኔ ተኝቼ ነበር። እትዬ ጮኻ ነው የነቃሁት።»

ፖሊሱ መርማሪዋን ጠቀሳት። ጠዋት ግቢው ውስጥ ከሚስቲቱና ከሹፌሩ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ለፖሊሱ ነገሩ ያለቀ ነው። መርማሪዋ ግን ገና አላመነችም።

ሦስተኛው ሰው የሟቹ ረዳት አሰልጣኝ ነው። ለቅሶም ሆነ ደስታ ሲኖር ከሁሉ ቀድሞ ስለሚገኝ ሠፈሩ «ፈጥኖ ደራሽ» ይለዋል። ዛሬም ወንበር ሲያዘጋጅ፣ ሰው ሲያስተናግድ ነበር።

«መቼ ነው ያዩት?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ልምምድ ላይ። ከዚያ ወዲህ በስልክም አልተገናኘንም።»

«ሚስቱንስ አነጋገሯት?»

«ምን አንጀት አለኝ! ዓይኗን ለማየትም ፈራሁ። አልፈርድባትም፤ ግን ሦስት ቀን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ ዋጋ በማስወረድ የተገዛ ጫማ ምን ሊሆን ኖሯል?»

መርማሪዋ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቀይ ፖስተር አየች። የአምናው የሠፈር ሩጫ ነው።

«ያምራል። የተረፈ ይኖራችኋል?»

«ምን ጠፍቶ! መጋዘኔን ሞልቶታል፤ ይውሰዱ» አለ ፈጥኖ ደራሽ፣ በለመደው ቸርነት።

ወዲያው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ወረቀት የግራው ጫማ ውስጥ ነበር። ሯጭ ጠጠር ከገባበት እንኳ ቆሞ ያራግፋል። ጣቱ ወረቀት እየረገጠ ለሩጫ አይወጣም። ስለዚህ ጫማውን ያደረገው እሱ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያደረገለት። ጫማው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ስለነበር እግሩ እንደምንም ገባ።»

«ለምን?» አለ ሹፌሩ።

«በነጠላ ጫማ ቢገኝ ኖሮ፣ በር ላይ ቆሞ ከማን ጋር ነበር ይባላል። በሩጫ ጫማ ከሆነ ግን ብቻውን ወጣ፣ ወደቀ፣ አለቀ።»

ወረቀቱን በከረጢቱ ላይ ዘረጋችው። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ፖስተር ነበር፣ እኩሌታው።

«ሻጩ ማሸጊያ ወረቀት ላለመግዛት ፖስተሩን ቀዶ ጫማው ውስጥ ይጠቀጥቃል። ትናንት ማታ አሰልጣኙ ከቀኙ ያወጣው ሌላኛውን እኩሌታ ነው፤ ቱታው ኪስ ውስጥ አገኘነው። ጫማው የታወቀ ኩባንያ ስም ተለጥፎበት የተሠራ ሐሰተኛ ነው፤ የተረፈው ፖስተር የማን መጋዘን እንዳለ ያውቃልና፣ በስውር የሚሸጠው ማን እንደሆነ ያኔ ገባው። ያሠለጠናቸው ልጆች ሁሉ ከዚያ ሱቅ ነው የሚገዙት።»

«ፖስተር የትም አለ!» አለ ፈጥኖ ደራሽ።

«አለ። ጫማው ሦስት ቀን ቅርጫት ውስጥ መቆየቱን ግን እሷ ለባሏም አልነገረችም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገዢዋና ሻጩ። አንተ ከየት ሰማህ?»

«እርስዎ» መባሉ መቅረቱን ሁሉም ልብ አለው። ረዳት አሰልጣኙ ያስተካከለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«በጠዋት አስጠራኝ። ዛሬውኑ ለልጆቹ እናገራለሁ አለ… ልገድለው አልነበረም። አንዴ ገፋሁት እንጂ። ሊያሳየኝ ይዞት የወጣውን ጫማ አደረግኩለትና ነጠላ ጫማውን ይዤ ሄድኩ።»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ሹፌሩ እህቱን እቅፍ አደረጋት። እሷ ግን መርማሪዋን ነበር የምታየው።

«ጫማው አይደለም?»

«ጫማው አይደለም፣ እህቴ። አንድ እርምጃም አልተራመደበትም።»

«ተራምዷል እንጂ» አለች ሚስቲቱ። «ማታ፣ እዚህ። ወረቀቱን አይቶ፣ ሐሰተኛ መሆኑን አውቆ ነዋ "በልኬ የተሠራ ነው" ያለኝ። እኔ ዋጋውን ስደብቀው፣ እሱ ደግሞ…»

አልጨረሰችውም። ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ለጫማው ስታለቅስ የዋለችው ሴት አሁን ገና ለባሏ አለቀሰች።