ቢጫ ቅምቅማት

«ተርትሪው!»

ፌንጣ ጥርሷን ነክሳ መቀሱን አነሣች። የማዕዘኑ ጨርቅ እንደገና ተጨማዶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል እንዴት እንዳየችው እግዜር ይወቅ። ልጅቷ ቁጭ ማለት ስለማትችል «ፌንጣ» ያለቻትም እሷው ናት።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው፣ ጥጥ የገባበት ብርድ ልብስ የቀረው ጠርዙን መቀምቀም ብቻ ነው። ጠቡም የተነሣው በዚሁ ጠርዝ ነው። አክስቷ ግራጫ ጨርቅ ሰጠቻት፤ ፌንጣ ግን ከእናቷ ቀሚስ ላይ ቢጫ ጥብጣብ ቀደደች።

«ቢጫ ዓይን ይስባል።»

«ይሳባ!»

እናቷ ሹፌር ነበረች። በዝናብ መሀል ሰው ገጭታ ተፈረደባት። ለጎረቤት ግን «ውጭ አገር ሄዳለች» ተባለ። ወሬውን የፈጠረችው አክስቷ ናት፤ ፌንጣም ተቀብላ ትምህርት ቤት ድረስ ስታስተጋባው ከረመች። ነገ እስረኛ የሚጠየቅበት ቀን ነው።

አክስቷ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ነይ እዪ። ማዕዘኑ ላይ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀርሽ ቁሚ። ጥብጣቡን ወደ ላይ እጠፊው፤ ከዚያ ወደ ታች መልሺው። አትጎትቺ! ጨርቅም እንደ ሰው ነው፣ ሲጎትቱት ያኮርፋል።»

ፌንጣ አጠፈች፣ መለሰች፣ ወጋች። ማዕዘኑ ልጥፍ ብሎ ተኛ።

«እሰይ!» አለች ሳታስበው።

በዚህ መሀል ወሬዋ ከእግሯ የሚቀድመው ባለሱቅ ጎረቤታቸው ዚፑ የተበላሸ ጉርድ ይዛ ገባች።

«ውይ ሲያምር! ለማን ነው?»

«ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን፣» አለች አክስቷ ፈጠን ብላ።

ፌንጣ ቢጫውን ጨርቅ አየች። 

«ለእናቴ ነው።»

«ውጭ አገር ልትልኪላት? እዚያ ብርድ ልብስ ጠፍቶ?»

«ውጭ አይደለችም። እስር ቤት ናት። ሰው ገጭታ ነው። ነገ እወስድላታለሁ።»

 ባለሱቋ «እግዜር ያስፈታት» ብላ አጉተመተመችና ጉርዷን ጥላ ወጣች።

«ምን አደረግሽኝ!» አክስቷ ራሷን ያዘች። «ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

«በዓይንሽ ነዋ!»

«ትቀልጃለሽ?»

«እትዬ፣ እሷ ፍርድ ቤት ቆማ 'አጥፍቻለሁ' ብላለች። የዋሸነው እኛ ነን። ሼም ካለም የኛ ነው።»

«ነገ ልጆቹ ሲጠቋቆሙብሽ ታለቅሻለሽ።»

«አለቅስ ይሆናል።»

ፌንጣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። አክስቷ ነጥቃ አስገባችላትና፣ ዓይን ዓይኗን ሳታይ መርፌውን መለሰችላት። ከዚያ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። ውጭ ባለሱቋ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማለች፤ ሦስቱም ወደዚህ ያያሉ።

«አትዝጊው እትዬ፣ ብርሃኑን እፈልገዋለሁ።»

ፌንጣ በርጩማዋን እየጎተተች ደጃፉ ላይ አመጣችው። ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀጣዩን ማዕዘን ማጠፍ ጀመረች። አክስቷ እጇን በሩ ላይ እንዳሳረፈች ቆየች። በሩን ግን አልዘጋችውም።