የፍየል ዋጋ መተግበሪያ

ካሳ የራሱን ስልክ ከልጅቷ እጅ ተቀበለ።

ወዲያው አልከፈተውም። አገላብጦ አየው። ከዚያ እሷን አየ። በገበያ ቀን የሰላሕ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ሰው አይጠፋውም፤ ዛሬ ግን ሰላሕ ብቻ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል። በሩን የካሳ ሰው ይዞታል።

«አለቀ?»

«አልቋል ጋሽ ካሳ። አፑ ላይ ቤተሰብ ተመዝግቦ ይከፍላል። ማን እንደከፈለ እርስዎ ያያሉ» አለች።

ካሳ ወጣቶችን ዓረብ አገር አሻግራለሁ እያለ ከፃግብጂና ከጽጽቃ ወረዳዎች ይሰበስባል። ቤተሰቦቻቸው እስኪከፍሉ ይዘጋባቸዋል። የት እንደሚዘጋባቸው የሚያውቅ የለም። እሷ ሰቆጣ የመጣችው ያንን ለማወቅ ነው። ከተማው «ይታየሽ» ይላታል፤ በግሏ አፕ የምትሠራ ልጅ። በምስጢር የላካት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን «አጋም» ይላታል።

ካሳ አፑን ሲከፍተው ስልኩ የዋለበትና ያደረበት ቦታ፣ የሚገባለትም መልእክት፣ ወደ እሷ ስልክ ይገለበጣል።

መክፈት ብቻ ነው የሚቀረው።

«ዋጋው ስንት ነው?»

አለቃዋ ማሬ ከሌላ ከተማ ሆኖ በስልኳ እየሰማ ነው። ርካሽ ዋጋ ጥሪ ብሏት ነበር። ተከራክራው ነበር። ለሽፋን ብላ የሠራችውን የፍየልና የማር ዋጋ የሚነግር አፕ በነፃ እንድትለቅ ያስገደዳትም እሱ ነው። የሰቆጣና የጋዝጊብላ ገበያተኛ በነፃ የመጣን ነገር መጀመሪያ ጠርጥሮት፣ ወራት ፈጅቶ ነው የለመደው። ማሬ ግን ምክር አይሰማም።

«አምስት ሺህ» አለች።

ካሳ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ክረምቱን ሙሉ ሠርተሽ? እንዲህ የሚሸጥ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሌላ የሚከፍለው አለው።»

በማሬ ላይ ደሟ ፈላ።

«አምስት ሺው ለመጫኛ ነው» አለች። «ከዚያ በየወሩ በተመዘገበው ሰው ልክ ይከፍሉኛል። ማሻሻያ ሲኖር ለብቻው። ካልተስማማዎት ይመልሱልኝ፣ አጠፋዋለሁ።»

ካሳ ፈገግ አለ። «አሁን ገና ነጋዴ ሆንሽ።»

ከፈተው።

ስልኳ ነዘረ። ካርታ። ካሳ ሰሞኑን የሚመላለሰው አንድ ቦታ ነው፤ ከከተማው መውጫ ያለው አሮጌ ወፍጮ ቤት።

እንደገና ነዘረ። አሁን ለካሳ የገባ መልእክት ነው።

«ልጅቷ የመንግሥት ናት። ከሱቁ እንዳትወጣ።»

የላኪውን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች።

ማሬ።

ከካሳ ጋር ነው የሚሠራው። ርካሹን ዋጋ ያዘዛት ራሷን እንድታጋልጥ ነበር። ያ ሲያቅተው፣ ብታየውም ከሱቁ አትወጣም ብሎ ጻፈ።

ካሳ መልእክቱን ገና አላየም። አፑን እየነካካ ነው። ለመሥሪያ ቤቷ ብትጽፍ የሚደርሰው ለማሬ ነው። የቀረላት የፍየል ዋጋ አፕ ብቻ ነበር። የዕለቱን ዋጋ የምትለጥፍበትን ገጽ ከፈተች። «ልጆቻችሁ አሮጌው ወፍጮ ቤት ውስጥ ናቸው። የዘጋባቸው ካሳ ነው።»

ላከችው።

መጀመሪያ የሰላሕ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የበረኛው። ከዚያ ውጭ ገበያው ውስጥ እዚህም እዚያም።

ካሳ ቀና አለ። የማሬን መልእክት አንብቧል። እጇን ጨመደደ።

«ማነሽ አንቺ?»

ከውጭ አንዲት ሴት «ወፍጮ ቤቱ!» ስትል ተሰማ። ሰው ፍየሉንም ማሩንም ጥሎ መሮጥ ጀመረ። በረኛው ሹልክ ብሎ ጠፋ።

ሰላሕ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። እህቱ ሀሚዳ ዓረብ አገር ብላ ከቤት ከወጣች ወዲህ ድምጿ አልተሰማም።

«ሀሚዳም እዚያ ናት ጋሽ ካሳ?» አለ ቀስ ብሎ።

ካሳ የያዘውን እጅ ለቀቀ።

«በጓሮ ውጪ» አላት ሰላሕ። የፊቱን በር ካሳ እንዳይወጣ ከውስጥ ቆለፈው።

የወፍጮ ቤቱ በር በመጥረቢያ ተሰበረ። ሀሚዳ ከወጡት መካከል ነበረች። ካሳን ፖሊስ ከሱቁ ወሰደው፤ ማሬንም የጻፈው መልእክት ተገኝቶበት ከቢሮው አስነሡት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የደወሉላት ግን ለማመስገን አልነበረም።

«ሳታስፈቅጂ ለሕዝብ እንዴት ትለጥፊያለሽ? አፑን ዛሬውኑ አጥፊ። ይታየሽ የምትባል ሰው አልነበረችም።»

ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠፋችው። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆይቶ ነበር።

ከኋላዋ የተቀመጠ ሰውዬ ስልኩን ደጋግሞ ይጫናል።

«ይህ የፍየል ዋጋ የሚሉት እንቢ አለኝ» አለ ለጎረቤቱ። «እነዚህ ልጆች እኮ ጀምረው ይተዉታል።»

ዘወር ልትል ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መስኮቱን ተደገፈች።