ለባዶው ወንበር የተቀዳ ስኒ

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። በቀኛቸው የጨለጡት የሻይ ስኒ፣ በግራቸው ባዶው የልብ መድኃኒታቸው ብልቃጥ፣ መሃል ላይ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲተነትኑት የኖሩት የአራት መቶ ዓመት ተውኔት የመጨረሻው ገቢር ላይ ተገልጦ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ፊት፣ ሌላ ስኒ ሻይ እስከ አፉ እንደሞላ ቀዝቅዟል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ደግሞም ትወጋለች። ከእሷ ስምንት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ሰው አለቃዋ ከሆነ ሦስት ወሩ ነው። ባየችው ቁጥር አንጀቷ እያረረ ፈገግ ማለትን ተክናበታለች። ስለዚህ ቅናትን ማንም እንዲያስተምራት አያስፈልግም።

አለቃዋ ገና በስልክ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ሻዩን ያመጣችው ሚስት ናት፤ ሚስት ደግሞ ከባሏ ረዳት ጋር ትታማለች፤ ትናንትና በዚሁ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። «እስከ ነገ ማታ ሌላ ነገር ካላገኘሽ ሴትዮዋን ይዘሽ ትመጫለሽ» አላት።

ሚስትየዋ የቀድሞ ተዋናይ ናት። አስር ሰዓት ላይ አንድ ቴርሞስ ሻይና አንድ ስኒ ፎቅ ላይ ጥናት ክፍሉ ላለው ባሏ አድርሳ ወደ ታች ወረደች። አስር ከሩብ ላይ ረዳቱ፣ አስር ተኩል ላይ ደግሞ የባሏ አብሮ አደግ ወጥተው ተመለሱ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ለእራት ልትጠራው ስትወጣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ አገኘችው። ሁለተኛውን ስኒ ከጥናት ክፍሉ ቁም ሳጥን ማን እንዳወጣው አታውቅም።

«ባለቤትዎ በረዳታቸው ይጠረጥሩዎት ነበር?» አለቻት መርፌ።

«አዎ። ልጁ ወደ መድረክ እንድመለስ ቃለ ተውኔት ያስጠናኛል፤ ሌላ ምንም የለም። ባሌ ሠላሳ ዓመት ስለ ቅናት ጽፎ ጽፎ በመጨረሻ ራሱንም ያዘው። አሁን እህቴ፣ ሰው ወይ ገደለችው ይላል፣ ወይ በእሷ የተነሳ ራሱን አጠፋ ይላል። የቱ እንደሚሻለኝ እኔም አላውቅም።»

መርፌ ተውኔቱን አታውቀውምና ሴትዮዋ አጫወተቻት። አንድ መስፍን ታናሽ ወንድሙን በሚስቱ ይጠረጥርና መርዝ ያጠጣዋል፤ ወንድሙ ንጹሕ መሆኑን ሲረዳ የተረፈውን መርዝ ራሱ ይጠጣል።

«አሟሟቱ እንዴት ነው?»

«ቆሞ ይጠጣል፣ ዋንጫውን ይወረውራል፣ ይወድቃል። ሁለት መቶ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

ረዳቱ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። እሱ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የነበረው አንድ ስኒ ብቻ እንደሆነ፣ ፕሮፌሰሩም ቁጭ በል እንኳ እንዳላሉት፣ የሕትመት ረቂቁን አስቀምጦ እንደወጣ ተናገረ። ስለ መስፍኑ አሟሟት ስትጠይቀው ግን ላቡም ቆመ፤ የሚያውቀውን ጠየቀችዋ።

«መጽሐፉ ‹ጠጥቶ ይሞታል› ይላል፣ አለቀ። ፕሮፌሰሩ ከዚያ ላይ ቅንጣት የጨመረ ተማሪ ካገኙ ያለ ርኅራኄ ይጥሉት ነበር።»

የመጨረሻው አብሮ አደጉ ነበር፤ እሱም ሐያሲ ነው። ተማሪዎች በስሙ ሳይሆን «ሁለተኛው» እያሉ ያሙታል። በትምህርት ቤት ሁለተኛ፣ በሹመት ሁለተኛ፤ ተዋናይዋንም ቀድሞ የወደዳት እሱ ሆኖ ያገቧት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሟቹ በስብሰባ መሃል ትከሻውን መታ እያደረጉ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይሉት ነበር። ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

ሁለተኛው ዓይኖቹን እየጠረገ ገባ። «ወንድሜ ነበር። እንደዚያ መስፍን ራሱን አጠፋ፤ ቅናት ጨረሰው» አለ።

«መስፍኑን የገደለው በሚስቱ መቅናቱ ነው ማለት ነው?»

ሰውየው ሐዘኑን ረሳው። «እሱ የሟቹ ትንታኔ ነው። መስፍኑ በሚስቱ አልቀናም። ወንድሙን ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እሱን ግን ይፈሩታል እንጂ አይወዱትም። አንጀቱን የበላው ይኸው ነው፤ ሚስቲቱ ሰበብ ናት።»

«አሟሟቱስ?»

«እሱን በመጽሐፌ ያነቡታል። አስራ አምስት ዓመት የደከምኩበት ነው፤ እስኪታተም ለማንም አልተነፍስም።»

መርፌ የዚያን ዕለት ተውኔቱን ተውሳ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ወንበር የለም፣ ሁለተኛ ዋንጫም የለም። በማግስቱ ጠዋት የምርመራ ውጤቱ መጣ፤ የገደላቸው የልብ መድኃኒት የተገኘው ፕሮፌሰሩ በጨለጡት ስኒ ውስጥ ብቻ ነው። ሞልቶ የተገኘው ስኒ በውጪ በኩል ተወልውሎ አንድም የጣት አሻራ የለበትም። ውጤቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አስር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ጥናት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ካቴናውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ሚስትየዋም ዓይኗን ከካቴናው ላይ መንቀል አልቻለችም።

«ጉዳዩን ልዘጋው ነው» አለች መርፌ። «ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን አጥፍተዋል። ግን ከመሞታቸው በፊት ለዓለም አንድ ነገር ትተዋል። መስፍኑ ብቻውን አይጠጣም፤ ለገደለው ወንድሙም ቀድቶ ባዶው ወንበር ፊት ያስቀምጥለታል። በሕይወቱ ያልሰጠውን ቦታ በሞቱ ይሰጠዋል። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የተረጎመው ሐያሲ አለ?»

ረዳቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለ። «ማንም አላለውም። ይኼ እኮ ያንን ገቢር በሙሉ ይለውጠዋል።»

«እንግዲያው በሚታተመው መጽሐፋቸው መጨረሻ በስማቸው ይግባ። ሲጠቀስ ይኖራል።»

ሁለተኛው መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ዝም ቢል በነጻ ይወጣ ነበር፤ መርፌም ዝም እንዳይል በሆዷ ትጸልይ ነበር።

«የእሱ አይደለም» አለ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉ?»

«የእኔ ነው! አስራ አምስት ዓመት ቆልፌ ያኖርኩት! እሱ የት ያውቀዋል? ለእሱም፣ ለሚስቱም፣ ለማንም ነፍስ አልተናገርኩም!»

ሚስትየዋ ዓይኗን ከካቴናው ነቅላ ወደ እሱ ዞረች።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች መርፌ በቀስታ። «ገዳይ ሁለተኛ ስኒ ይደብቃል እንጂ አይጨምርም፤ ከዚያ ነው የተነሳሁት። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ቀድተውት ቢሆን ኖሮ አሻራቸው ይገኝበት ነበር፤ ስኒው ግን ተወልውሏል። ረዳታቸው ሲገባ አንድ ስኒ ብቻ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የገቡት እርስዎ ነዎት። ረዳቱ ዋሽቶ ነው ብንል እንኳ፣ እሱ ቢገድል ‹ጠጥቶ ይሞታል› እንደሚለው ይተዋቸው ነበር። ሚስታቸውም ቢሆኑ መድረክ ላይ እንዳዩት ስኒውን መሬት ላይ ይጥሉት ነበር። እርስዎ የልብ መድኃኒታቸውን ሻያቸው ውስጥ ገለበጡ፣ ሲሞቱ ጠበቁ፣ የመስፍኑን አሟሟት አስመስለው ደረደሩ። ከሐሳብዎ ጋር ብዙ ስለኖሩ፣ መጽሐፉ ላይ አለመኖሩን ረሱት። ያለዚያ ስኒ ሞቱ ጎደሎ መሰለዎት።»

ሚስትየዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እኔን ብለህ ነው?» አለችው።

«አንቺን?» ሁለተኛው ከልቡ ተገረመ። «አንቺ ምን አገባሽ? ባለፈው ሳምንት የተውኔቱን አዲስ እትም መግቢያ እንዲጽፍ እሱ ተመረጠ። እሱ መግቢያውን ከጻፈ ከዚያ በኋላ የእኔን ማን ያነበዋል?»

ሴትዮዋ አለቀሰች። ባሏ በእሷ ምክንያት እንዳልሞተ ገባት፤ ዕንባዋም ካለፈው ቀን ዕንባዋ ረዘመ። አለቃው ወደ ሁለተኛው ሄዶ ካቴናውን አጠለቀለት። መርፌን «ጎበዝ» ማለት አቅቶት ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷም ሰማችው፣ ጣፈጣትም።

ሁለተኛው በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ፍርሃት አልነበረበትም።

«መርማሪ» አለ፣ «ቃሌን ስትመዘግቢ፣ የሁለተኛው ስኒ ትርጓሜ የእኔ መሆኑ ይጻፋል?»

«ይጻፋል» አለችው።

«ሙሉ ስሜን አድርጊው» አለና፣ የዘመኑን ትልቁን ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ቀና ብሎ ደረጃውን ወረደ።