ተራውን ያልጠበቀው ማሽን

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ቁጭ ብዬ በዓይኔ ያየሁት ነው። እመኑኝ ብዬ አልለምንም፤ ያየሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቡራዩ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ አርፋ ነበር...

ሥራዬ የውሃ ናሙና መመርመር ነው። ዓይኔ ያየውን ደግሜ ሳላረጋግጥ አልመዘግብም። አዲስ አበባ ኪራይ ሲያማርረኝ ቡራዩ ወጣሁና እነ ኦቦ ደገፋ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ለሥራ ግን አዲስ አበባ እመላለስ ነበር።

ኦቦ ደገፋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ሶቭየት ኅብረት ተምረዋል። ሲመለሱ ጓደኞቻቸው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይዘው መጡ። እሳቸው የቼዝ ማሽን ይዘው መጡ።

ማሽኑ ስክሪን የለው፣ ኢንተርኔት የለው። ሰሌዳው ራሱ ነው ማሽኑ። በየሳጥኑ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። የትኛውን ጠጠር ከየት ወዴት እንደሚወስድ በመብራት ያሳያል። እጅ ግን የለውም። ሰው ያንቀሳቅስለታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የማሽኑ እጅ እኔ ነበርኩ።

"የዓለም ሻምፒዮኑን ሳይቀር ያሸነፉት የዚህ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው" ይሉኝ ነበር ኦቦ ደገፋ። "ግራንድ ማስተሮቹ ሁሉ እጅ ሰጡ። የሰው ልጅን ወክሎ የሚዋጋ የቀረው እኔ ብቻ ነኝ!"

"ስንቴ አሸነፉት ታዲያ?"

"ጦርነቱ ገና አላለቀም ፀዴ።"

ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ከጓዳ ይጮሃሉ። "ሠላሳ ዓመት ተሸንፎ አላለቀም ይላል! የሰው ልጅ ሌላ ወኪል ይፈልግ!"

እንዲህ እየሳቅን ነበር የምንጫወተው።

ያን ቅዳሜ ግን ማንም አልሳቀም።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ ወደ እኛም ሰፈር ደርሶ ነበር። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ታክሲ የለም። ኢንተርኔት ጠፍቷል። አንድያ ልጃቸው ጂሬኛ ማክሰኞ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ወጣ...

አልተመለሰም።

አባቱ በየፖሊስ ጣቢያው ዞሩ። በእግራቸው። ሆስፒታልም ሄዱ። የትም ቢሄዱ መልሱ አንድ ነው።

"እዚህ የለም።"

"ነይ ፀዴ፣ ተቀመጪ" አሉኝ ማሽኑን ሶኬት ላይ እየሰኩ። "ካልተጫወትኩ ላብድ ነው።"

ወደ ጨዋታው ከመግባቴ በፊት ስለ ጂሬኛ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ጂሬኛ ማሽኑን አይወደውም ነበር። እሱ ከአባቱ ጋር የሚጫወተው የጥንቱን የሀገራችንን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ነው። ኦቦ ደገፋ ከአባታቸው ተምረው ለእሱ ያስተማሩትን። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ባንዴ፣ እየተሻሙ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ወረራ ይባላል።

ጂሬኛ ሲወር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያወጣው በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ወታደሮች ነው። የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን። "በር ጠባቂዎቼ" ይላቸዋል። "አባ፣ ውረር እንጂ! ፈራህ እንዴ?" እያለ ግቢውን በሳቅ ይሞላዋል።

ሲያሸንፍ ደግሞ የአባቱን የመጨረሻ ወታደር አይበላም። ቢችልም አይበላም።

"አባቴን ብቻውን አላስቀርም" ይላል።

እና ያን ቅዳሜ...

ኦቦ ደገፋ አንድ ወታደር ገፉ። ማሽኑ መብራት አበራ። የቀኝ ጫፍ ወታደር። አንቀሳቀስኩለት።

ኦቦ ደገፋ አገጫቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ።

መብራቱ እንደገና በራ።

የግራ ጫፍ ወታደር።

"ተራው የእርስዎ አይደለም እንዴ?" አልኩ።

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ ለምን..."

መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። መጠበቅ እንዳቃተው ሰው።

ተበላሽቷል አልኩ በልቤ። ነቀልኩት። የሳጥኖቹን ጠርዝ በአልኮል ጠረግሁ። መልሼ ሰካሁትና ብቻዬን ተጫወትኩ። አንድ ጠጠር ገፋሁ፤ መለሰልኝ። ከዚያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሱም ዝም አለ። ሁለት ጊዜ አከታትዬ ልጫወት ስል በጩኸት ከለከለኝ።

ደህና ነው። እንደ ማንኛውም የቼዝ ማሽን ተራውን ይጠብቃል።

"አልተበላሸም" አልኩ።

ኦቦ ደገፋ ተመልሰው ተቀመጡ። ጠጠሮቹን ደረደርን። ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ...

የቀኝ ጫፍ ወታደር።

የግራ ጫፍ ወታደር።

ፈረስ።

ኦቦ ደገፋ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ወረራ..." አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ እሳቸውም መውረር ጀመሩ። ተራ ሳይጠብቁ፣ በሁለት እጃቸው። ማሽኑ አልከለከላቸውም። መብራቱ እየፈጠነ፣ እኔም እየተከተልኩ... ክፍሉ ውስጥ የጠጠር ድምፅ ብቻ ነበር።

መሃል ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ።

እጄ መብራቱን ቀድሞ መሄድ ጀምሮ ነበር።

የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ቆመ። ማሽኑ ጨዋ ሆነ። ተራውን እየጠበቀ፣ ቀስ እያለ አሸነፋቸው። በመጨረሻ ለኦቦ ደገፋ ንጉሣቸውና አንዲት ወታደር ብቻ ቀሩላቸው።

የማሽኑ ግንብ ወታደሯ ፊት ለፊት ቆሟል። መሃላቸው ባዶ ነው።

የግንቡ መብራት በራ።

እኔ የማውቀው ማሽን ጠባቂ የሌላትን ወታደር አይምርም። ምሕረት የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

"እሱ ከሆነ..." አሉ ኦቦ ደገፋ። "እሱ ከሆነ አይበላትም። ልጄ ካለ አይበላትም።"

አዴ ገለቴ ከጓዳ ወጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

ግንቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ሁለተኛው መብራት ወዲያው ሊበራ ይገባ ነበር። አልበራም። ጠበቅን... ከውጭ አንድ ውሻ ጮኸና ዝም አለ... ጠበቅን...

በራ።

ወታደሯ ላይ አይደለም። ከጎን ያለው ባዶ ሳጥን ላይ።

ኦቦ ደገፋ ብድግ ሲሉ ወንበሩ ወደቀ።

"ኢልሚ ኮ ጂራ! ገለቴ፣ ልጄ አለ! ልጃችን በሕይወት አለ!"

አዴ ገለቴ አላለቀሱም፣ እልልም አላሉም። ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት።

"ካለ..." አሉ ቀስ ብለው። "እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል?"



ያን ዕለት አዴ ገለቴ ራሳቸው ማሽኑን ነቀሉት። ገመዱን ጠቅልለው፣ ጨርቅ አልብሰው ቁም ሣጥኑ ላይ አወጡት።

*

ጂሬኛ ተመለሰ።

ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በተነገረ ሰሞን፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በራሱ እግር ግቢ ገባ። ከስቷል። ፀጉሩን ተላጭቷል። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ኦቦ ደገፋ እግሩን አቅፈው አለቀሱ።

የት እንደነበር ሲጠይቁት መልስ አልሰጠም። ማንም አልፈረደበትም። ከእስር የሚመጣ ሰው ዝም እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ ግን ማየት ልማዴ ነው።

ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ብላ ሲሉት ይበላል። ሲጠሩት ትንሽ ዝም ይላል... ከዚያ ይመልሳል። ዝምታው ሁልጊዜ እኩል ነው። ሳይጠሩት ከሰው ጋር አይነጋገርም።

"ደክሞት ነው" አልኳቸው አዴ ገለቴን።

"ይሆናል" አሉኝ። ዓይናቸውን ግን ከእሱ አላነሱም።

ቅዳሜ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦቦ ደገፋ የጥንቱን ሰንጠረዥ አወጡ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

"በል ውረር!" አሉና ጠጠራቸውን በሁለት እጅ ያሰልፉ ጀመር። "ዛሬ አለቅህም!"

ጂሬኛ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ውረር እንጂ! ረሳኸው እንዴ?"

ትንሽ ዝም አለ...

"ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።"

የኦቦ ደገፋ እጅ አየር ላይ ቀረ። "በወረራ ተራ የለም እኮ ልጄ..."

ኦቦ ደገፋ እጃቸውን ሰበሰቡ። ያኔ ጂሬኛ አንድ ጠጠር አንስቶ ልክ ሳጥኑ መሃል ላይ አስቀመጠ። እጁን ወደ ጉልበቱ መለሰ።

በር ጠባቂዎቹን አላወጣም።

ኦቦ ደገፋ እንደዚያ ቀን በፍጥነት ሲሸነፉ አይቼ አላውቅም። ንጉሣቸውና አንዲት ወታደር ቀሩ። የጂሬኛ ግንብ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

"ጂሬኛ..." አሉ። ልመና ነበር።

ወዲያው በላት። አላመነታም።

ጠጠሯን ከሰሌዳው ውጭ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ከዚያ ቀና ሳይል እንዲህ አለ።

"ተራው የእርስዎ ነው።"

አባቱን አንቱ ብሎ አያውቅም።

ያኔ ነው ከኋላችን ጠቅታ የሰማነው። ከቁም ሣጥኑ ላይ።

አዴ ገለቴ ተነሱ። ማሽኑን ከነጨርቁ አወረዱት። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው። የትም አልተሰካም። የባትሪ ቦታ የለውም፤ ከዚያ በፊት ገልብጬ አይቼዋለሁ።

ጨርቁን ገለጡት።

የቀኝ ጫፍ መብራት... የግራ ጫፍ መብራት... የቀኝ... የግራ... ቶሎ ቶሎ፣ ተራ ሳይጠብቅ።

ጂሬኛ ዞሮ አላየም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

አዴ ገለቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። አንዲት ጠጠር እንኳ የለበትም። በባዶ ጣታቸው መብራቱን እየተከተሉ ሳጥኖቹን ይነኩ ጀመር።

"መጣሁ ልጄ..." ይሉታል በሹክሹክታ። "ቀስ በል... መጣሁ... መጣሁ..."