የማይሰማው እግር

ልብስ ሰፊው ጫማውን ሳያወልቅ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ጠዋት መስኮቱን ይከፍታል፣ የመኪናውን ክዳን ያነሳል፣ ከዚያም ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር ያስቀምጣል። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቁት መልሱ አንድ ነበር፦ «ፔዳሉን እግሬ ካልሰማው እጄ ይሳሳታል።»

እውነቱን ነበር። ስፌቱ ዝንፍ አይልም። ደንበኞቹ በስሙ ሳይሆን «ጋሽ ልኬ» እያሉ የሚጠሩትም ከልኩ ያለፈ ወይም የጎደለ ነገር ስለማይወድ ነው።

ከጊዜ በኋላ ግን ስፌቱ ይዛነፍ ጀመር። መኪናው ሳያዘው ይፈጥናል፤ ቁም ሲለው ይሄዳል። በኮት እጅጌ ላይ ክሩ እዚህ ጠብቆ እዚያ ላልቶ ይወጣል። ጋሽ ልኬ መኪናውን ዘይት አጠጣ፤ ቺንጋውን ለወጠ፤ የፔዳሉን ብሎን አጠበቀ። ወደ እግሩ ግን አንድም ቀን አላየም።

ከጎኑ ፀጉር አስተካካይ አለ። ሁለቱ ሱቆች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ወሬም እንዲሁ።

«ጋሽ ልኬ፣ ዛሬም መኪናው ሰክሯል?» ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን በበሩ አስግጎ።

«አርጅቷል።»

«መኪናው ነው ሹፌሩ?»

ልብስ ሰፊው የስኳር ሕመም እንዳለበት ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል። የበሽታው ስም ራሱ አሳሳተው። ስኳር ከተባለ ስኳር ነው ብሎ ከሻዩ ላይ ስኳሩን አስቀረና ነገሩ ያለቀ መሰለው። ያንኑ መራራ ሻይ ግን በዳቦ ላይ ዳቦ እየደረበ ይጠጣዋል። ባለቤቱ ስትቆጣው «ዳቦ መቼ ይጣፍጣል?» ይላታል። ክኒኑን ሲከፋው ይውጣል፤ ሲሻለው ይተዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሩ አይነሳም፤ ምሳውንም የሚበላው እዚያው ነው። ሐኪሞች ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃውና ኢንሱሊን መጀመር እንዳለበት ሲነግሩት ደግሞ ጭራሽ ክሊኒኩን ሸሸ።

«ደግ አደረግህ» አለው ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እያወዛወዘ። «መርፌ ጀመርህ ማለት ሻንጣህን አሰርህ ማለት ነው። ክኒን ክኒን ነው፤ መርፌ መጨረሻው ነው።»

«ታላቅ ወንድሜስ?» አለ ጋሽ ልኬ። «መርፌውን በጀመረ በወሩ አይደል የቀበርነው?»

«ይኸው! ምስክር ቤትህ ውስጥ እያለ ሐኪም ምን ያደርግልሃል?»

ባለቤቱ በሱቁ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ዕድሜውን ሙሉ ከመርፌ የበላ ሰው መርፌ ፈራ!» አለች። ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው የነጭ መጋረጃ ጠርዝ ይሰፋል። ጨርቁ ረጅም ስለነበር ከመኪናው ላይ ወርዶ እግሩ ሥር ተከምሯል። ባለቤቱ ጫፉን ልታነሳለት ጎንበስ ስትል ቀይ ነጠብጣብ አየች።

«ጣትህን ወጋኸው?»

መኪናውን አቆመና ጣቶቹን ገልበጥ እያደረገ አየ። «ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ይሄ የማን ደም ነው?»

«ያንቺ ይሆናላ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

ተንበርክካ ጨርቁን ገለጠች። እሱም ጎንበስ አለ።

«ቀኝ እግርህን አንሳ» አለችው።

አነሳ። በውስጥ እግሩ፣ ባበጠው ሥጋ ውስጥ፣ የመኪና መርፌ ስባሪ ተሰክቷል። ዙሪያው ጠቁሮ መግል ቋጥሯል።

«አያምህም?»

«ምኑ?»

«ይሄን መርፌ የሰበርኸው ባለፈው ሳምንት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሳምንት ሙሉ ረግጠኸው ነው የዋልኸው።»

ፀጉር አስተካካዩ ድምፃቸውን ሰምቶ መጣ። አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቢሆንም ምክር አልጠፋበትም። «ሞቅ ያለ ውሃ፣ በጨው። ዘፍዝፈው፤ ነገ ደህና ትሆናለህ።»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ» አለችው ሴትየዋ ነጠላዋን እየለበሰች። «እኔ እግር እንዳይቆረጥ ልሂድበት።»

በክሊኒኩ ያገኘቻቸው ሐኪም በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ወጣት ነበረች። ስባሪውን አወጣች፤ ቁስሉን አጠበች፤ አጥንቱ እንዳልተነካ በራጅ አረጋገጠች። ከዚያም ጫፏ ላይ የናይለን ክር የተተከለባት ትንሽ እጀታ ከመሳቢያ አወጣች።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በዚህ ክር እግርዎን ስነካዎት ‹አዎ› ይበሉ።»

ክር መሆኑን ሲያይ ፈገግ አለ። በክር ማን ይቀድመዋል! ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። የግድግዳውን ሰዓት ሰማ። በኮሪደሩ የሚገፋ ጋሪ ሰማ። የባለቤቱን ትንፋሽ ሰማ።

«ጀምሪ እንጂ የኔ ልጅ» አለ።

የሰዓቱን ምት ቆጠረ።

«ዶክተር፣ ተዘጋጅቻለሁ እኮ።»

«ጨርሻለሁ ጋሼ።»

ዓይኑን ሲገልጥ ባለቤቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ሐኪሟ ክሩን በመዳፏ ይዛ በሐዘኔታ ታየዋለች።

«እግርዎ አይሰማም» አለችው።

«እግሩ ብቻ መሰለሽ?» አለች ባለቤቱ ሳትዞር። ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የምነግረው ለማን ሆነና!»

ለጋሽ ልኬ አሁን ገባው። መኪናው አልሰከረም ነበር። ዘይት ያጠጣው፣ ቺንጋ የለወጠለት፣ በሰው ፊት የሰደበው መኪና ጤነኛ ነበር።

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ቀረበችው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ነርቭን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ፣ የዓይንንና የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም እንደማይምር አስረዳችው። ሰውነት ዳቦውንም ሩዙንም ወደ ስኳር እንደሚለውጠው፣ በዘር መኖሩ፣ በወገብ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ ተቀምጦ መዋልና እንቅልፍ ማጣት አደጋውን እንደሚጨምሩ ነገረችው። «በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ተስፋ የሚሰጡ ናቸው» አለችው። «ስኳርን በጊዜ የተቆጣጠረ ሰው ጥቅሙን ከብዙ ዓመት በኋላም ያገኘዋል። ከምግብ በኋላ አጭር መንገድ መራመድ እንኳ ስኳሩን ዝቅ ያደርገዋል። ልብንና ኩላሊትን የሚጠብቁ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። አሁን ግን የሚቀድመው ቁስሉ ነው። ለቁስሉ ደግሞ ኢንሱሊን ያስፈልገናል።»

«ሌላውን ሁሉ እሺ። መርፌው ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

የወንድሙን ነገር ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ወንድምዎ መርፌ ይጀምሩ የተባሉት መቼ ነበር?»

ጋሽ ልኬ አሰበ። «ከመሞቱ... ሦስት ዓመት በፊት ይሆናል። እምቢ ብሎ ቆየ። በኋላ እግሩ ሲጠቁር ነው የተሸነፈው።»

«ቤት ሲቃጠል እሳት አጥፊ ይመጣል» አለች ሐኪሟ። «ዘግይተው ከጠሩት አመዱ ላይ ይደርሳል። አላፊ አግዳሚው አመዱንና እሳት አጥፊውን አንድ ላይ ስላየ ያቃጠለው እሱ ነው ይበል?»

ጋሽ ልኬ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ አልደብቅዎትም። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ አጥንት ውስጥ ይገባል። ያኔ የምንነጋገረው ስለ መርፌ አይሆንም፤ ስለ እግርዎ ይሆናል።»

እግሩን አየው። ሦስት ልጆች ያሳደገበት እግር ነው። ልጆቹ ሲታመሙ የሮጠበት፣ ቀን ከቀን ፔዳል የረገጠበት። አሁን በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ የሌላ ሰው መስሎ ተኝቷል።

«እስቲ አሳይኝ» አለ በመጨረሻ።

ሐኪሟ እስኪሪብቶ የምትመስለውን የኢንሱሊን መስጫ አቀረበችለት። ጋሽ ልኬ የመርፌዋን ጫፍ እንደ ልማዱ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መረመራት። «ይቺ?» አለ። «ይቺ ሐር እንኳ አትሰፋም!»

«እንዲያውም ሳይሰማዎት ያልቃል» አለች ሐኪሟ ልታደፋፍረው።

«ኧረ ይሰማኝ፣ የኔ ልጅ» አለ። «አሁንስ ቢሰማኝ በወደድኩ።»

አሳየችው። ሆዱ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ራሱ ወጋ። ቅንድቡ ብድግ አለ።

«ሰማሁት!» አለ ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ እንደ ተሸለመ ሰው። «አንቺ፣ ሰማሁት እኮ!»

ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ቁስሉ በአንድ ጊዜ አልዳነም። እግሩን መርገጥ ተከለከለ። እሱ ሲለካና ሲቆርጥ ባለቤቱ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ስፌቷ ከእሱ እንደማይተናነስ ደንበኞች ሲነግሩት ተኮሳተረ፣ ግን አልካደም። ዳቦው ቀነሰ፤ ክኒኑ ሰዓቱን ጠበቀ፤ መርፌው የቀን ሥራ ሆነ። ወራት አልፈው ቁስሉ ሲዘጋ ሐኪሟ እውነቱን ነገረችው፦ የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል፤ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። ስለዚህ ጋሽ ልኬ ዛሬ የሚሠራው ጫማ አድርጎ ነው፤ ከማጥለቁ በፊትም ጫማውን ገልብጦ ያራግፈዋል። ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ተነስቶ በመንገዱ ላይ ይራመዳል። ማታ ማታ ባለቤቱ መብራት አብርታ ውስጥ እግሩን ታያለች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ በሽታ ሲገባ በር አያንኳኳም። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ አደገኛነቱም በዚሁ ነው። ሕመም ባይኖርም ምርመራ አለ። እግር ባይሰማም ዓይን ያያል። የቅርብ ዘመዱ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እስኪያመው አይጠብቅ፤ ይመርመር። መርፌ የታዘዘለትም ጎረቤቱን ከመጠየቁ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ ቀን ጋሽ ልኬ ከምሳ በኋላ ሲራመድ በፀጉር ቤቱ በር አለፈ።

«ሻንጣህን አሰርህ ብዬህ አልነበር?» አለው ፀጉር አስተካካዩ። «እስካሁን አልሄድህም?»

«አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግን ስማኝ» አለ ጋሽ ልኬ በሩ ላይ ቆሞ። «ያ ቀልድህ እግሬን ሊያስቆርጠኝ ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን ምላጭ ዝቅ አደረገ። «እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ሲባል የሰማሁትን ነው ያልኩህ።»

«እኔም ሲባል የሰማሁትን ነው ያመንኩህ።»

በወንበሩ ላይ ግማሽ ጺሙን የተላጨ፣ ግማሽ ፊቱን አረፋ የሸፈነው ጎልማሳ ተቀምጧል። በመስተዋቱ ውስጥ ሲያያቸው ቆይቶ ድንገት ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መርፌው... ያማል?»

«ለራስህ ነው?»

«ለእናቴ። ከታዘዘላት ቆየ፤ እምቢ አለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጨረሻው ነው እያለ አስፈራራት። የእኔን አትሰማም።»

ጋሽ ልኬ መንገዱን አየ፤ ሱቁን አየ። ባለቤቱ መኪናው ላይ ነበረች። «እናትህ አሁን የት ናቸው?»

«ቤት። ቅርብ ነው።»

«ስትጨርስ ውሰደኝ። ራሳቸው ይጠይቁኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፎጣ አነሳና የሰውየውን ፊት ከአረፋው ጠራረገ።

«ግማሹን ስትመለስ እጨርስልሃለሁ» አለ። «ሂዱ።»