ከጆንያው ሥር

ሰርክ ትባላለች። ዐሥር ዓመቷ ነው። ቤቷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮት ብቅ ስትል የብሎኩ ሜዳ ከታች ይታያታል።

በዚያ ሜዳ ዳር ሕሩይ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ነው። እግሮቹ ስለማይታዘዙለት በዊልቸር ነበር የሚሄደው። ልጆቹ ሱዚ፣ የገመድ ዝላይ፣ ሲዘሉ ዳኛው እሱ ነው። ገመዱን የነካች ልጅ ካለች "ነካሽ፣ ውጪ" ይላል። አለቀ። ማንም አይከራከረውም።

አንዳንድ ቀን ሰርክ ዊልቸሩን ስትገፋለት "ልቀቂኝ፤ ራሴ ልሞክር" ይላታል። ትለቀዋለች። ጥቂት ይሄዳል። ከዚያ ደረጃ ይገጥመዋል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ደረጃ የሌለበት የት አለ?

ባለፈው ክረምት ሕሩይ ታመመ። ከዚያ አልተነሣም።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም እንበል። ሰርክ ብዙ ቀን ወደ ሜዳው አልወረደችም።

እናቱ እትዬ ፈትለወርቅ ሐዘናቸው ሳይወጣላቸው የብሎኩን ነዋሪ ሰበሰቡ። ለልጄ ሐውልት አልፈልግም አሉ። ማንም ልጅ ዳር ተቀምጦ የማይቀርበት መጫወቻ እንሥራለት አሉ።

ሰውም እሺ አለ። እንዴት ያለ እሺታ መሰላችሁ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባቶች አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ወጣቶች ድንጋይ ያጓጉዛሉ። በያጁ ሱፊያን ከነዊልቸር የሚወጡበት ዥዋዥዌ ሠራ፤ ወለሉ ሰፊ ነው፣ እንደ በር። መጫወቻ አሸዋው መሬት ላይ አልፈሰሰም። እንደ ጠረጴዛ ከፍ ባለ ሣጥን ውስጥ ተደረገ፤ ተቀምጠውም ይደርሱበታል። ዓይኑ ለማያይ ልጅ ደግሞ አጫጭርና ረጃጅም የብረት ቧንቧዎች ተሰቀሉ። ሲመቷቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ አላቸው።

ወደ ዥዋዥዌው የሚያወጣውን፣ ደረጃ የሌለውን ዘቅዛቃ መንገድ የሠሩት ግንበኛው ጋሽ እንድርያስ ናቸው። ሰፈሩ ራምፕ ይለዋል። ሲሚንቶውን አፈሰሱ፣ አስተካከሉ፣ በጆንያ ሸፈኑ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው አስረዷቸው። አዲስ ሲሚንቶ ይጠማዋል፤ ውሃ ካልጠጣ አጥንቱ አይጠናም፤ ጠዋትና ማታ ጆንያውን እየገለጣችሁ አጠጡት አሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ተራ ለሰርክ ደረሳት። ደስ አላት። ለሕሩይ ነው።

መጀመሪያ በደንብ አጠጣች። ከዚያ ውሃ ጠፋ። የካ አባዶ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሩቁ ብሎክ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከሮቶው፣ በጀሪካን መቅዳት ነበረባት። ያን ዕለት ግን ሱዚው ደምቋል። ሰርክ ገመዱን በወገብ ከፍታ አልፋ ብብት ደርሳለች።

"ከሄድሽ ተቃጠልሽ፤ ከጨዋታው ወጣሽ" አለቻት ጓደኛዋ ሃኒ።

ሰርክ ጀሪካኑን አየች። ገመዱን አየች። ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ውሃ ቀርታለች። ሮጣ ሄዳ ጆንያው ላይ ረጨቻት። ጆንያው ጠቆረ። ላየው ሰው እርጥብ ነው። ሥሩ ግን ደረቅ ነው። ተመልሳ ዘለለች። አሸነፈችም።

በማግሥቱ እንዲሁ አደረገች። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ጋሽ እንድርያስ ማታ ሲያልፉ አጠጣሽው ወይ ይሏታል። አዎ ጋሼ ትላለች። እርጥቡን ጆንያ አይተው "ጎበዝ" ይሏታል። ያቺ ጎበዝ የምትባል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ትቀራለች። የየካቲት ፀሐይ ደግሞ አይምርም።

ጆንያው የተነሣ ቀን ሰው ሁሉ ወጣ። መጀመሪያ እንድትወጣ የተመረጠችው ጫልቱ ነበረች፤ በዊልቸር የምትሄድ፣ የታችኛው ብሎክ ትንሽ ልጅ። ጎማዋን በእጇ እያሽከረከረች ጀመረች። መሃል ስትደርስ የራምፑ ጠርዝ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ጎማው ሰመጠ። ጫልቱ በጎን ወደቀች። መዳፏ ተላጠ፤ ግን ያስለቀሳት እሱ አልነበረም።

"ከብጄ ነው የሰበርኩት?" አለች።

አንዱ ሰው፣ ግንበኛው ሲሚንቶ ሰስቶ ነው አለ። ሌላው እሱን ተቀብሎ ደገመ። ጋሽ እንድርያስ ተንበርክከው ፍርፋሪውን በጣታቸው አሹት። ዱቄት ነው። ውሃ እንዳልጠጣ ገባቸው። ቀና ብለው ሰርክን አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ። አፍርሼ እሠራዋለሁ አሉ።

ይታያችሁ፤ ስማቸው እየጠፋ፣ የልጅ ስም አላነሡም።

ሰርክ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ጫልቱ ግን ከብጄ ነው ብላ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። ጋሽ እንድርያስም ሌባ ግንበኛ ሊባሉ ነው። ሰርክ ወደ መሃል ወጣች።

"አንቺ አልከበድሽም" አለቻት ጫልቱን። "ጋሼም አልሰሰቱም። እኔ ነኝ። ጆንያውን ብቻ ነበር የማረጥበው።"

ሃኒ አንገቷን ደፋች። እትዬ ፈትለወርቅ ቀስ ብለው መጡ። ሰርክ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። መሬት መሬት እያየች ይቅር ይበሉኝ አለች።

እሳቸው አገጯን በእጃቸው ቀና አደረጉት። "ገመድ ስትነኪ ሕሩይ አይምርሽም ነበር" አሉ። "ዛሬ ዳኛ ሳይኖር ነካሁ አልሽ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ። ነገ ግን ጀሪካኑ ይጠብቅሻል።"

ጋሽ እንድርያስ ራምፑን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። የሰደቧቸው ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው አሸዋ አቀበሏቸው። ሰርክ ከሩቁ ብሎክ ውሃ ቀዳች። ትከሻዋ አመማት። አንድ ቀን ሃኒ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ጀሪካኑን በአንድ በኩል ያዘችላት። ጫልቱም ትንሿን ጀሪካን ጭኗ ላይ አድርጋ ተከተለቻቸው። ጆንያውን ይገልጣሉ። ሲሚንቶው እስኪጠግብ ያፈስሱለታል። መልሰው ይሸፍናሉ።

መጫወቻው የተከፈተው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰርክ ወዲያው የጫልቱን ዊልቸር ከኋላ ያዘች። እንደ ድሮ ልማዷ።

"ልቀቂኝ" አለቻት ጫልቱ። "ራሴ ልሞክር።"

የሰርክ እጅ ለአፍታ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ለቀቀች።

ጎማው ወጣ። መሃሉን አለፈ። ጠርዙ ነቅነቅ አላለም። ደረጃም አልገጠመውም። ጫልቱ ዥዋዥዌው ላይ ደርሳ ወደ ታች አየቻት፤ ሳቀች። እትዬ ፈትለወርቅ ሕሩይ ይቀመጥበት በነበረው ዳር ቆመው ነበር። ዳሩ ላይ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም።

ልጆች፣ የተሰጠንን አደራ ሰው በሚያየው በኩል ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር ብቻ በሚያየውም በኩል በእውነት እንፈጽም።